ራምቦ ያልኖረበት የራምቦ ቤት

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቆመህ ዙሪያህን ካየህ አለቀልህ። አንድ ልጅ ከየት መጣ ሳትለው አጠገብህ ይቆማል። «ራምቦ? ራምቦ ቤት?» ይልሃል። እኔንም ብሎኛል። ያገሩ ሰው መሆኔ ምንም አላገደውም። ልጁ የሚለው ራምቦ ፊልም ላይ መትረየስ ይዞ የሚሮጠው ጡንቸኛ አይደለም። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው።

ተከተልኩት። መኪና ግርግርን ይዘን ወረድን። የመንገዱ ስም ከተሽከርካሪ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ዛሬም በየደጃፉ ተቀምጠው ይረግጣሉ። ከዚያ በጠባብ መታጠፊያ ገብተን አንድ ትልቅ የእንጨት ቤት ፊት ቆምን። ባለ ፎቅ ነው። መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት አላቸው፣ ጣሪያው በሥዕል ተሸልሟል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ከነቆርቆሮውና ከነሚናሬቱ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ግድግዳው ላይ የራምቦ ታሪክና የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ራምቦ እዚህ ቤት ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ቤቱን ያሠራው አንድ የሕንድ ነጋዴ ነው፤ ያሠራውም ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። አስጎብኚዎቹም ይህን አይደብቁም። ጠይቃችሁ ከሆነ ይነግሯችኋል። ካልጠየቃችሁ ደግሞ፣ እንግዲህ፣ ቤቱ የራምቦ ቤት ነው።

ይህ ነገር ትዝ የሚለኝ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ «ከከተማችን የወጡ ታዋቂ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ባየሁ ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ከተለጠፈ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ከሥሩ ጭቅጭቁ ይጀምራል። «እሱ እኮ የኛ ሰፈር ልጅ ነው»፣ «አያቱ ከወዲያ ናቸው»፣ «እዚያ ተወለደ እንጂ አላደገም»። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ከተማ ማንን ልጄ እንደሚል የሚወስነው ነገር ዛሬ ሐውልት ያስቆማል፣ ሐውልት ያስፈርሳል። የምክር ቤት መቀመጫም አለበት። እንደ ሐረር አድርጎ ይህን የሚያሳይ ከተማ ደግሞ አላውቅም። (ዓመቶቹን በኛው ዘመን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቀላሉ ልጀምር። ሐረር ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ስም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ «ሐረር ተወለዱ» ይላል። ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 የተወለዱት ግን ጀጎል ውስጥ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኤጀርሳ ጎሮ ነው። «ሐረር» የጠቅላይ ግዛቱም ስም ስለነበር አባባሉ ውሸት አይደለም። ከተማው ግን ጠቅላይ ግዛቱን የሚያህለውን ስም ጠቅልሎ ለራሱ ወሰደው። ጀጎል ውስጥ የተወለዱትን ከፈለጋችሁ ልጃቸው አስፋ ወሰን አሉ፤ በ1908 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሹን የሐረር ልጅ ብሎ ሲኩራራባቸው የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ይህ ማለት ኃይለ ሥላሴ የሐረር አይደሉም ማለት ነው? በፍጹም። እንዲያውም ከተወለዱበት ቦታ ይልቅ ያደጉበትን ብናይ የሐረር እጅ በእሳቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ፈረንሳይኛ ካስተማሯቸው አንዱ ከጓደሎፕ የመጡት ሐኪም ቪታሊየን ናቸው፤ የተፈሪ አባት ራስ መኮንን ሐረር ባቋቋሙት ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ከካሪቢያን ደሴት የመጣ ጥቁር ሐኪም በዚያ ዘመን ሐረር ላይ! የካቶሊኩ ጳጳስ ሞንሲኞር አንድሬ ጃሮሶ አሉ። እኚህ ካፑቺን መነኩሴ ሐረርን ቤታቸው አድርገው ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አስጠግተዋል። አባ ሳሙኤል የሚባሉ ተማሪያቸውም የተፈሪ መምህር ሆኑ።

የአባ ሳሙኤል ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ያኔ የሐረርጌ ገዥ ናቸው፣ ሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሻገሩ ጀልባዋ ውሃ ገባት። ተፈሪ ተረፉ። አባ ሳሙኤል ሰመጡ። የኢትዮጵያ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በዚያ ጀልባ ላይ ነበር ማለት ይቻላል፤ መምህሩ ግን በማንም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሐይቁ ራሱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ወለሉ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ራምቦ። ሰውየው ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፣ ዕድሜው 26። አንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ከኤደን ልኮት ቡናና ቆዳ ሊገዛ መጣ። ግጥም ትቶ ነው የመጣው። ፈረንሳይ አገር ስሙን ያስጠራው ቅኔ ሁሉ የተጻፈው ከሃያ አንድ ዓመቱ በፊት ነው፤ ሐረር ላይ አንድም ስንኝ አልጻፈም። የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ እሱም ምሬት የበዛበት። ስለ ገበያው፣ ስለ ብቸኝነቱ። ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ አንሥቷል፤ ስለ ኦጋዴን ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ዘገባ ልኳል። በ1879 ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ድረስ ወጣ። ምኒልክ ዕቃውን ተረከቡና ገንዘቡን «ሐረር ካለው ከመኮንን ተቀበል» ብለው ወረቀት ጽፈው ሰደዱት። ዛሬ ደረሰኝ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ነጋዴ ራምቦን በደንብ ይረዳዋል።

ሲሄድ እንኳ በእግሩ አልሄደም። ጉልበቱ አብጦ መቆም አቃተው። በ1883 መጋቢት መጨረሻ ላይ በቃሬዛ ተኝቶ፣ ተሸካሚ ቀጥሮ፣ በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ወደብ ወረደ። ማርሴይ ሲደርስ እግሩን ቆረጡት። ኅዳር 1884 ላይ እዚያው በ37 ዓመቱ ሞተ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ተፈሪም የተወለዱት በዚያው በ1884 ነው። በኛ ቁጥር አንድ ዓመት ነው። ከተማው በጣም የሚታወቅበት የውጭ አገር ሰው በሞተ በዘጠነኛው ወር በጣም የሚታወቅበት ያገር ሰው ተወለደ። በፈረንጆቹ ቁጥር ግን 1891 እና 1892 ስለሚሆን ግጥምጥሞሹ አይታያቸውም።

ታዲያ ራምቦ የሐረር ሰው ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ። ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ፣ ከአውሮፓ ከወጣ ወዲህ ከየትም ቦታ ይበልጥ እዚህ ቆይቷል፣ ቋንቋ ለምዷል፣ ከከተማው ነጋዴ ጋር ተከራክሯል፣ ታሟል። ሪቻርድ በርተን ግን አይደለም። እንግሊዛዊው በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ አስር ቀን ብቻ ቆየ፤ አሚሩ እንዲወጣ እስኪፈቅዱለት ልቡ ቆማ ነበር። ወጥቶ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ ብቻ በየዝርዝሩ ከላይ ተቀምጧል! ብዕር የያዘ ሰው አስር ቀን ይበቃዋል። ብዕር ያልያዘው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ኖሮም አይቆጠር።

ከዚህ ወዲያ ያለው ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ራስ መኮንን ሸዋ ነው የተወለዱት። ሐረር የመጡት ከጦር ጋር ነው። በ1879 ገና ሰሞን የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የመጨረሻውን የሐረር አሚር አብዱላሂን ድል አደረገ። ነፃዋ የከተማ መንግሥት በዚያ አበቃች። ከዚያ በፊት ግብጾች አስር ዓመት ገዝተዋት፣ ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። መኮንን ገዥ ሆነው ተሾሙ። ግብጾች ፈረስ መጋላ ላይ ያሠሩት መስጊድ ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ሰውየው እስከሚሞቱበት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋን ገዙ። ሆስፒታል አቋቋሙ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውን ንግድ አደራጁ። አድዋ ዘመቱ፣ ለንደን ድረስ ሄደው ለንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ በዓል ተገኙ።

አፈወርቅ ተክሌ በፈረስ ላይ አድርጎ ሐውልታቸውን ሠራላቸው። ሐውልቱም ከጀጎል ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ላይ ቆመ። በ2012 ሰኔ ማብቂያ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በተነሣው ቁጣ፣ ሐውልቱ ወደቀ።

በጊዜው ፌስቡክ ላይ የተነሣው ክርክር ሁለት ዓይነት ሐረር አሳየኝ። ለአንዱ ሰው መኮንን የአድዋ ጀግና፣ ከተማዋን ዘመናዊ ያደረጉ ናቸው። ለሌላው የጨለንቆ ማግሥት ሹም፣ የተሸናፊው ቤት ላይ የተተከለ ባንዲራ ናቸው። ሁለቱም ወገን የሚያነሣው የተፈጸመ ነገር ነው። የሚለያዩት «የከተማው ሰው» የሚለውን ማዕረግ ለማን እንስጥ በሚለው ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ማፍረሱ አልተዋጠልኝም። ታሪክን መተቸት አንድ ነገር ነው፣ በገመድ መጎተት ሌላ። ግን ሐውልቱን ብቻውን ማቆሙም ትክክል አልነበረም። ወደ ከተማው የሚመጣ ሰው ፈረሰኛውን መኮንን አይቶ አሚር አብዱላሂ የት አሉ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን ሊሆን ነበር?

ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ደግሞ «ተወላጅ» የሚለው ቃል እየሳሳ ይሄዳል። የከተማዋ አባት የሚባሉት ሼክ አባድር ናቸው። ሐረር «የወሊዮች (የቅዱሳን) ከተማ» የተባለችው ከእሳቸውና አብረዋቸው ከመጡት ነው። መጡ ነው ያልኩት። በትውፊቱ መሠረት ሼክ አባድር የመጡት ከዓረብ ምድር፣ ከሒጃዝ ነው። የከተማው አባት ራሱ ስደተኛ ነው።

ባቲ ድል ወንበራን እዩ። አባቷ ማሕፉዝ የዘይላ ገዥ ነበር። የግራኝ አሕመድ ሚስት ነች፤ ዘመቻው ላይ አብራው ደጋ ድረስ ወጥታለች። ኢማሙ በ1535 ወይና ደጋ ላይ ሲገደል አምልጣ ሐረር ገባች። የባሏን እኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ጥሎሹም በቀል እንደነበር ይተረካል። ኑር በ1551 አፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ገደለ። ከዚያ ድል በኋላ ግን ረሀብ መጣ፣ ከውጭም ግፊት በረታ። ኑርም ለከተማዋ ግንቡን፣ ጀጎልን፣ አጠረላት። ያ ግንብ ነው ዛሬ ሐረርን ሐረር የሚያሰኛት። ዩኔስኮ በ1998 የመዘገባትም ከነግንቧ፣ ከነ82 መስጊዶቿ ነው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ አምስቱ በሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። ኑር ከተማው ውስጥ በአረንጓዴ ጉልላት ሥር ተቀብሯል።

የዘይላ ገዥ ልጅ ናት እንግዲህ የጀጎልን ታሪክ ያስነሣችው። ስሟ ግን «የሐረር ታዋቂ ሰዎች» ዝርዝር ላይ ባል ያላት ሆና እንኳ አይገባም። ሴት በመሆኗ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ በመምጣቷ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፤ የመጀመሪያው ግን ያመዝናል።

ሐረሪዎች ለዚህ ሁሉ የራሳቸው ቃል አላቸው። ከተማዋን በቋንቋቸው «ጌይ» ነው የሚሏት። ጌይ ማለት ከተማ ማለት ነው። ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ» ይላሉ፣ የከተማው ሰው። ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን»፣ የከተማው ቋንቋ። የብሔራቸው ስም ራሱ አድራሻ ነው። ታዲያ የከተማ ሰው ከተማውን ለቆ ቢወጣ ምን ይባላል?

ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል፣ ተረት እንዳይመስላችሁ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ ናቸው፣ ለሐረሪዎች የተያዙ። በክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት እነዚህን 14 የሚመርጠው ክልሉ ውስጥ የሚኖረው ሐረሪ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖረውም፣ ድሬዳዋ የሚኖረውም ይመርጣል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ይህን አልቀበልም አለ። ከክልሉ ውጭ ያለ ሰው እንዴት የክልሉን ምክር ቤት ይመርጣል ነው ነገሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርዱ ለሐረሪዎቹ ሆነ። ክልሉ መስከረም 20 ቀን 2014 መረጠ።

ይህን እንደ አድልዎ የሚያየው ብዙ ነው፣ ምክንያትም አለው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር፤ ሐረሪው ከ9 በመቶ በታች፣ ኦሮሞው ከግማሽ በላይ። ከመቶው ዘጠኝ የማይሞላ ሕዝብ ከ36 ወንበር 14 ይይዛል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሐረሪ ከዚህች ከተማ ሌላ የኔ የሚለው ቦታ በምድር ላይ የለውም። በንግድም፣ በስደትም፣ በአስተዳደር ጫናም ብዙው ወጥቷል። ሚዛኑ የቱ ጋ መሆን እንዳለበት መወሰን ከባድ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕጉ «መወለድና መኖር አይበቃም፣ ወጥቶም የከተማ ሰው መሆን ይቻላል» ብሎ በቁጥር አስቀምጦታል። ለአንድ ዝርዝር የሚጣላ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ወጥተው ከሐረር ስም ጋር ዓለም ከዞሩት አንዱ ሼክ አብዱላህ አል-ሐረሪ ናቸው። ሐረር ተወለዱ፣ ቤይሩት ተቀመጡ፣ ነሐሴ 2000 ላይ እዚያው አረፉ። አሕባሽ የሚባለው ንቅናቄ የእሳቸው ትምህርት ነው። የሚወዳቸውም የሚቃወማቸውም ብዙ ነው። ግን ሊባኖስ ውስጥ የከተማችንን ስም ያለ ቱሪዝም ቢሮ እገዛ ያስጠራ እንደ እሳቸው ያለ የለም፤ ስማቸው ውስጥ አለችና። አስጎብኚዎቹ ግን አይጠሯቸውም። የሚያወዛግብ ሰው ለጉብኝት አይመችም።

ከዚህም የባሰ የማይመች አለ። በ1966 ዓ.ም. ሐረር የነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር አንድ ሻለቃ ወክሎ ወደ አዲስ አበባ ላከ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ይባላል። ሐረር ኖሯል፣ ከሐረር ነው ወደ ሥልጣን የሄደው፣ ታዋቂነቱም አያጠያይቅም። በቲክቶክ ቪዲዮ «የሐረር ኩራት» ሲባል ግን አልሰማሁም። ዝርዝር የሚሠራ ሰው መመዘኛዬ መወለድ ነው ይላል፣ ራምቦን ሲያገኝ መኖር ነው ይላል፣ መንግሥቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ዝም ይላል። መመዘኛው መጀመሪያም መወለድ አልነበረም። የወደድነውን ነው የወለድነው።

ለመመዘኛ የእኔን ካላችሁኝ፣ ከተማው ያለዚህ ሰው የተለየ ይሆን ነበር ወይ? ወይስ ሰውየው ያለዚህ ከተማ? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ፣ የልደት ካርዱን አልጠይቅም። በዚህ ሚዛን ኑር፣ ባቲ ድል ወንበራ፣ መኮንንና አሚር አብዱላሂ ሁሉም ይገባሉ። የግል ቤተ መዘክር ያቋቋሙት አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍም ይገባሉ። በዝና አይደለም። ቁርኣኑን፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ጌጡን፣ የድሮ የሙዚቃ ቅጂውን ከየሰዉ ቤት እየለቀሙ ባይሰበስቡት ኖሮ ዛሬ የት እንደሚሆን አናውቅም። ስብስባቸው አሁን ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው፣ ከራምቦ ቤት ጥቂት እርምጃ ላይ። መንግሥቱም፣ ቅር ቢለንም፣ ይገባል። በርተን ይወጣል።

ያን ቀን ከራምቦ ቤት ስወጣ ልጁ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። «ወደድከው?» አለኝ። ወድጄዋለሁ አልኩት። አንድ ስም ግን ፈልጌ እንዳጣሁ አልነገርኩትም። ራምቦ ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ ሊሞት ሲል እየደጋገመ የሚጠራው ሰው ነበር፣ ጃሚ ይባላል። ሐረር ላይ ለዓመታት አብሮት የኖረ አገልጋዩ ነው። ሦስት ሺህ ፍራንክ ተናዘዘለት። እኅቱ ገንዘቡን ብትልከውም ጃሚ ቀድሞ ሞቶ ነበር። ቤቱ የትኛው መንደር እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ጀጎል ውስጥ የለም።